የናሲሞ እጅ ያለበት ክር

ናሲሞ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለች ቀኝ እጇ እስከ ክርኗ ድረስ የፈላ ጥቁር ቀለም ውስጥ ገባ።

እናቷ ፋዱማ ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር በሚገኘው ግቢያቸው በግማሽ በርሜል ልብስ እየነከረች ነበር ልጆቿን የምታሳድገው። አብዛኛው ሥራዋ የሐዘን ልብስ ነበር። ሰው የሞተባቸው የክርስቲያን ቤተሰቦች ቀሚሱን፣ ሸሚዙንና ሱሪውን በከረጢት ቋጥረው ያመጡላታል፤ እሷም አጥቁራ ትመልስላቸዋለች። «ሱማሌዋ ለአማራ ለቅሶ ታለብሳለች» እያሉ የሚቀልዱባት ነበሩ። ፋዱማ ግን «እኔ ሟቹ ማን ነው ብዬ አልጠይቅም፤ የምጠይቀው ጨርቁ ጥጥ ነው ወይስ ናይሎን ብዬ ነው» ትላቸው ነበር።

ያን ቀን፣ በ1972 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ በርሜሉ ውስጥ የሚፈላው የጎረቤታቸው የወልደጻድቅ ቤተሰብ ልብስ ነበር። ወልደጻድቅ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ሠራተኛ ነው፤ ሚስቱ ከሞተች ሦስተኛ ቀኗ ነበር። ናሲሞ ድንጋይ ላይ ቆማ በዱላ ስታማስል ድንጋዩ ከሥሯ ተንከባለለ። እንዳትወድቅ ለመደገፍ እጇን ዘረጋች፤ እጇ ያገኘው በርሜሉን ነው።

ሁለት ወር ሆስፒታል ተኛች። ስትወጣ አምስቱ ጣቶቿ እርስ በርስ ተጣብቀው፣ መዳፏ ወደ ውስጥ ታጥፎ፣ ቆዳዋም እንደ ተቃጠለ ወረቀት ጠቁሮና ተጨማዶ ነበር። ሐኪሙ ፋዱማን ወደ ጎን ጠርቶ «ልጅሽ በመትረፏ አመስግኚ፤ እጁን ግን እርሺው» አላት። ናሲሞ ከበሩ ኋላ ቆማ ሰማችው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ከሕመሙ ይብስ ነበር። የሰፈር ልጆች «የለቅሶ እጅ» የሚል ስም አወጡላት። ልጆቹስ ልጆች ናቸው። ትልልቆቹ ሴቶች ሰርግ ቤት ሳህን ልታቀብል ስትነሣ «ተይው አንቺ፣ ቁጭ በዪ» ይሏታል፤ የሐዘን ቀለም የጠጣ እጅ ሙሽራ የምትበላበትን ዕቃ እንዳይነካ ነው። ሰላም ሲሏትም ጉንጯን ይስማሉ እንጂ እጇን አይጨብጡም። እሷም እጇን ከሻሿ ሥር ሸሽጋ መኖር ጀመረች። በበጋው የድሬዳዋ ሙቀት፣ ሰው ሁሉ የለበሰውን ማውለቅ በሚመኝበት ሰዓት፣ ናሲሞ ተሸፋፍና ትሄዳለች።

አንድ ዓመት እንዲህ ኖረች። ወልደጻድቅ የሚስቱን ሙት ዓመት ባወጣ በሳምንቱ ሁለት እንጨት በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣ። ከወርክሾፑ ቁራጭ ሳንቃ ጠርቦ፣ በብርጭቆ ወረቀት አልስልሶ የሠራቸው የሹራብ መሥሪያዎች ነበሩ። ውፍረታቸው የአውራ ጣት ያህላል። ከኋላው የናሲሞ እኩያ የምትሆነው ልጁ ሰርካዲስ፣ በዚያው በርሜል የተነከረውን ጥቁር ቀሚስ እንደ ለበሰች፣ አንድ ልቃቂት ነጭ ክር ይዛ ቆማለች።

«እኔ ሐኪም አይደለሁም» አለ ወልደጻድቅ፣ ፋዱማን ሳይሆን ናሲሞን እያየ። «የዛገ ብሎን ግን አውቃለሁ። የዛገ ብሎን በአንድ ቀን አይፈታም። በየቀኑ ትንሽ ዘይት፣ በየቀኑ ትንሽ መነቅነቅ ነው። እጅሽን ከዚያ ሻሽ አውጪው።»

ናሲሞ እጇን አወጣች። ሰርካዲስ ጎኗ ቁጭ ብላ አንዱን እንጨት በተጣበቁት ጣቶቿ መካከል ሰካችው። ናሲሞ ጮኸች።

«ጩኺ» አለቻት ሰርካዲስ። «ግን አትልቀቂው።»

«ያማል አልኩሽ እኮ!»

«እኔንም እናቴ ስታስተምረኝ እንዲህ ባለው እንጨት ጭንቅላቴን ትመታኝ ነበር። የኔም ያማል።»

ናሲሞ እያለቀሰች ሳቀች። በዚያ ዓመት ሁለቱ ልጆች በየቀኑ ከቀትር በኋላ በግንቡ ጥላ ሥር ተቀምጠው አንድ ልቃቂት ክር ይሠራሉ፣ ይተረትሩታል፣ እንደገና ይሠሩታል። በዓመቱ መጨረሻ አውራ ጣቷ፣ ሌባ ጣቷና የመሃል ጣቷ ተለያዩ። ሁለቱ ትንንሾቹ እስከ ዛሬ እንደ ተጣበቁ ናቸው። ያ ሐኪም ድሬዳዋን ለቆ ሲሄድ ናሲሞ ጣቢያው ድረስ ሄዳ በራሷ እጅ የሠራችውን ቆብ ሰጠችው። በቀኝ እጇ ነበር የሰጠችው።

ፋዱማ ስትሞት በርሜሉ ለናሲሞ ቀረ። ናሲሞ በአሸዋ ፈትጋ፣ ሦስት ጊዜ አፍልታ ደፋችውና ዳግመኛ ጥቁር ላትነክር ማለች። ነጭ የጥጥ ክር እየገዛች በሽንኩርት ልጣጭ ቢጫ፣ በሂናና በዱቄት ቀለም ቀይ፣ ሌላም ሌላም እያደረገች መንከር ጀመረች። ሰርካዲስም ከአባቷ የተማረችውን ይዛ መጣች፤ የሹራብ መሥሪያ ከእንጨት ትጠርባለች፣ ኪሮሽ ከአሮጌ ብስክሌት ሽቦ ትሞርዳለች፣ ቁጥር እንዳይጠፋ ጥልፉ ላይ የሚንጠለጠል ቀለበት ከቀንድ ትሠራለች። በሁለቱ መካከል የተጻፈ ነገር የለም። አንዷ ትነክራለች፣ አንዷ ትጠርባለች፤ የሚገባው ገንዘብ አንድ ጣሳ ውስጥ ይገባል።

ያልሳቀባቸው ሰው አልነበረም። «በድሬ ሙቀት ሹራብ!» ይላል አንዱ። «ቀጥሎ ምድጃ ትሸጡልናላችሁ?» ይላል ሌላው።

ሰርካዲስ ደግሞ መልስ አታጣም። «የሚለብሰው ሐረር አለ፣ ቁልቢ አለ፣ ጭሮ አለ። እኛ እያላበን እንሠራዋለን፣ እነሱ ይሞቃቸዋል። አንተን ምን አገባህ አቦ!»

ድሬም ቢሆን ገዛ። ለወንዶቹ ኮፍያ፣ ለሕፃናት ቆብ፣ ለሶፋና ለቴሌቪዥን ዳንቴል የማይሠራበት ቤት የለም። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ሲከፈት ደግሞ ከሥራ የሚወጡት ልጃገረዶች በመንገዳቸው እየገቡ ክር መግዛት ጀመሩ።

እያንዳንዱ ልቃቂት ላይ አራት ማዕዘን የካርቶን ቁራጭ በክር ይታሰራል። ናሲሞ በራሷ ጽሕፈት «የናሲሞ እጅ» ብላ ትጽፍበታለች፤ ከሥሩ የድስቱን ቁጥር። በርሜሉ ውስጥ በአንድ ጊዜ አብሮ የተነከረውን «አንድ ድስት» ይሉታል። ሰርካዲስ መጀመሪያ ላይ «ምነው እጅ እጅ ትያለሽ፣ ስምሽ አይበቃም?» ብላት ነበር።

«አይበቃም» አለች ናሲሞ። «እጄን አልነካም ያለ ሁሉ ከፍሎ ይንካው።»

የድስቱ ቁጥር የተጨመረው ከአንድ ስሕተት በኋላ ነው። የድሬዳዋን ውሃ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት ሠርቶ የሚቀር ውሃ ነው። ከአንዱ ጉድጓድ የመጣው ከሌላው አይመሳሰልም፤ ሂናውን አንዱ ወደ ሸክላ፣ አንዱ ወደ ወይን ጠጅ ይወስደዋል። በጀመሩበት ዘመን ኑኃሚን የምትባል የከዚራ ሰፈር ወጣት ለመጀመሪያ ልጇ ብርድ ልብስ ልትሠራ ስምንት ልቃቂት ጠየቀች። ከአንዱ ድስት የተረፈው ስድስት ነበር። ናሲሞ ከሌላ ድስት ሁለት ጨመረችላት፤ ቤት ውስጥ አንድ ይመስል ነበር። በሁለተኛው ወር ኑኃሚን መጥታ ብርድ ልብሱን ግቢው መካከል ፀሐይ ላይ ዘረጋችው። በመሃሉ እንደ ጠባሳ የሚታይ መስመር ነበረበት።

«ናሲሞ፣ ልጄን በዚህ ጠቅልዬ ክርስትና ልውሰደው?» ብቻ አለቻት።

ናሲሞ ያን መስመር አይታ የራሷን ክንድ አየች። ብርድ ልብሱን እስከ መጨረሻው ተረተረች፣ ክሩን ሁሉ በአንድ ድስት እንደገና ነከረች፣ ከሰርካዲስ ጋር ተጋግዘው ሠርተው ለክርስትናው አደረሱት። ከዚያ ወዲህ ከአንድ ድስት የወጡ ልቃቂቶች «የአንድ እናት ልጆች» ይባላሉ። የሁለት እናት ልጆች ለአንድ ልብስ አይሸጡም። ገዥው ቢለምንም አይሸጡም።

በዚህ ዓይነት ብዙ ዓመት ኖሩ። ካቻምና ግን ሙሂዲን መጣ።

ሙሂዲን ታይዋን ገበያ ውስጥ ከውጭ የመጣ ክርና ልብስ የሚሸጥ፣ አፉ የሚጣፍጥ ነጋዴ ነው። አዲስ አበባ የሕፃናት ልብስ የምታሠራ ደንበኛ አለችኝ፣ የሂናውን ቀይ ሦስት መቶ ልቃቂት ትፈልጋለች አለ። ለሁለቱ ሴቶች ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ስንት ዓመት ሲመኙት የኖሩት ትልቅ የውሃ ሮቶ ከነመቆሚያው በዚህ ሽያጭ ይገዛል። ሮቶ ካለ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካን መሸከም ይቀራል፤ ከዚያም በላይ ድስቱ ሁሉ አንድ ውሃ ይጠጣል።

«አንድ ነገር ብቻ ኤዶ ናሲሞ» አለ ሙሂዲን፣ በሱማሌኛ አክስት ብሎ እንደ ታናሽ እያከበራት። «ያቺ ካርቶን ትቅር። ሴትዮዋ የራሷን ታስርበታለች።»

«ካርቶኗ ካልሄደች ክሩም አይሄድም።»

«ወላሂ ስለ ካርቶን ሰው ይጣላል?»

«እኔ አልተጣላሁም። ነገርኩህ።»

ሙሂዲን ሳቀ፤ «እሺ፣ ይሁን በቃ» ብሎ ሄደ።

ሰባት ድስት ነከሩ። አራቱን እንደ ጨረሱ የቧንቧው ውሃ ጠፋ፤ የማስረከቢያው ቀን ስለ ቀረበ ሦስቱን በቦቴ በመጣ ውሃ ነከሩ። ናሲሞ እያንዳንዱን ድስት በቁጥሩ ለይታ፣ ካርቶኑን አስራ፣ ደረደረች። ለሙሂዲን የምትነግረውንም ወስና ነበር፤ አራቱ ለአንድ ዓይነት ልብስ፣ ሦስቱ ለሌላ። ከዚያ የእህቷ ልጅ ወልዳ ስለ ነበር ሁርሶ ሄዳ አምስት ቀን ሰነበተች።

ስትመለስ ክሩ በሦስት ጆንያ ተሰፍቶ ቆሟል። ካርቶኖቹ በልብስ ማጠቢያ ሳፋ ውስጥ ተከምረዋል። ሰርካዲስ መቀሱ ከጎኗ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ አንገቷን ደፍታለች።

«ማን ቆረጠው?» አለች ናሲሞ።

«እኔ።»

«ድስቶቹስ?»

ሰርካዲስ በዓይኗ ጆንያዎቹን አሳየቻት። ተቀላቅለዋል ማለት ነው።

«ሙሂዲን መጣ» አለች። «ካርቶን ካለበት ሴትዮዋ አልቀበልም አለች፣ ነገ ጠዋት እወስደዋለሁ ወይም እተወዋለሁ አለኝ። ስልክሽ አይሠራም። ናሲሞ፣ እኔ ሮቶውን አሰብኩ። ቤት ውስጥ አየሁት፣ ሁሉም አንድ ነው፤ ነይ እይው...»

«የኑኃሚንም ቤት ውስጥ አንድ ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«እጄን ከሻሽ ያስወጣሽው አንቺ ነሽ» አለች ናሲሞ። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ዛሬ መልሰሽ የሸፈንሽውም አንቺ ነሽ።»

ሰርካዲስ ቀና አለች። ዓይኗ ቀልቷል። «ጀሪካን የምሸከመው እኔ ነኝ! አንቺ በአንድ እጅሽ አትችዪም፤ አልችልም ብለሽም አታውቂም፤ እኔ ነኝ የምነጥቅሽ። ስልሳ ልደፍን ነው። ወገቤ አልቋል። ሮቶ መመኘት ኃጢአት ነው?»

ናሲሞ ያን ሁሉ ዓመት የውሃውን ነገር ስታስብ ስለ ቀለሙ እንጂ ስለ ሰርካዲስ ወገብ አስባ አታውቅም ነበር። ከዚያ መቀሱን አንሥታ የመጀመሪያውን ጆንያ ስፌት ቀደደችው።

«ሰሌኑን አንጥፊ» አለች። «ፀሐዩ ሳይወርድ።»

ቀትር ነበር። ሦስት መቶውን ልቃቂት ግቢው ላይ አፈሰሱት። የድሬዳዋ የቀትር ፀሐይ ሰው አይወደውም፤ ለቀለም ግን እንደ እሱ ያለ እውነተኛ ምስክር የለም። ቤት ውስጥ አንድ የመሰለው ክር እዚያ ተከፈለ፤ ከፊሉ የሸክላ ቀይ ሆኖ ቆመ፣ ከፊሉ ወደ ወይን ጠጅ አዘመመ። ሰርካዲስ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

የቧንቧውን ከቦቴው መለየት ፀሐዩ ሠራው። ድስትን ከድስት መለየት ግን ዓይን አይበቃውም። ናሲሞ ቀኝ እጇ ሙቀትም ልስላሴም አያውቅም፤ ስለዚህ ዕድሜዋን ሁሉ ቀለም የምትሞክረው በግራ አውራ ጣቷ ነው። ዓይኗን ጨፍና እያንዳንዱን ልቃቂት በጣቷ ታሻለች። ቅርፊት የበዛበት ውሃ ክሩን ያሻክረዋል፤ ረጅም ሰዓት የፈላው ድስት ጥቂት ከፈላው ይከብዳል። «ሁለት» ትላለች። «አምስት። ይሄ ሁለት። ይሄን አላውቀውም፣ ለብቻው አድርጊው።» ሰርካዲስ እየተቀበለች ትከምራለች። እስኪመሽ አልጨረሱም፤ ማልደው ቀጠሉ።

«ስድስት» አለች ናሲሞ ጠዋት ላይ።

«አሁን ስድስት ያልሽውን ትናንት አምስት ብለሽዋል» አለች ሰርካዲስ።

«ትናንት ተናድጄ ነበር።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም ተናድጃለሁ። ግን ስድስት ነው።»

ሰርካዲስ ከሳቋ ጋር እንባዋን ጠረገች።

ሙሂዲን አይሱዙውን በር ላይ አቁሞ ሲገባ ያየው ይህን ነው፤ ጆንያዎቹ ባዶ፣ ክሩ በሰባት ክምር፣ ከዳር ደግሞ ያልታወቁት ጥቂቶች፤ ሁለት ሴቶች መሬት ላይ ተቀምጠው ካርቶን ያስራሉ። መኪናው መንገዱን ስለ ዘጋ ጎረቤቶችም በሩ ላይ ተሰብስበዋል።

«ኤዶ፣ ምንድን ነው ይሄ? ትናንት እኮ አልቆ ነበር!»

«ትናንት ውሸት ነበር። ዛሬ አልቋል። እነዚህ አራቱ ለአንድ ዓይነት ልብስ ይቀራረባሉ፣ አንድ አይደሉም፤ ንገራት። እነዚህ ሦስቱ ጭራሽ ሌላ ናቸው። ድስት በድስት ውሰድ፣ ካርቶኑ ላዩ ላይ ይሁን፣ ሁሉንም ውሰድ።»

«ማን ያያል?» አለ ሙሂዲን እጁን እያወናጨፈ። «አዲስ አበባ ማን ናሲሞን ያውቃል? ሕፃን የሚያስታውክበት ልብስ ነው!»

«የሕፃኑ እናት ታያለች።»

ሙሂዲን በሩ ላይ ያሉትን ሰዎች አየ። መሸነፉ አሳፈረው መሰለኝ፣ ባይል የሚሻለውን ቃል አወጣ። «እጅ እጅ ትላለች! ያንን እጅ ቢያዩት ክሩን ማን ይገዛ ነበር?»

ሰርካዲስ መቀሱን እንደ ያዘች ብድግ አለች። ናሲሞ ግን በዓይኗ አስቀመጠቻት። ቀስ ብላ ተነሣች፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ጠቀለለች፣ ቀኝ እጇን ፀሐዩ ላይ ዘረጋችው። የጠቆረውን ክንድ፣ የተጣበቁትን ሁለት ጣቶች፣ ሁሉንም።

«እየው» አለችው። «ደህና አድርገህ እየው። አርባ አምስት ዓመት ሞልቶታል፣ አዲስ አይደለም። በራስህ ላይ ያለው ኮፍያ ማን የነከረው ክር ይመስልሃል? እናትህ ናት የሠራችልህ፤ ክሩን ከዚህ በር ላይ ነው የወሰደችው፣ ከዚህ እጅ ተቀብላ። ድስት ቁጥሩንም ልንገርህ?»

በሩ ላይ ሳቅ ፈነዳ። «አውልቀው ሙሂዲን!» አለ አንዱ። ሙሂዲን እጁ ሳያውቀው ወደ ራሱ ሄዶ ኮፍያውን ነካ፣ መለሰ።

«ትለምኚኛለሽ» አለ።

«አይሱዙህን አዙር፤ ሰው መንገድ አጥቷል።»

ባዶውን ሄደ። ሮቶውም አብሮት ሄደ። ያ ክር ተሽጦ ለማለቅ ዓመት ከመንፈቅ ፈጀ፤ ድስት በድስት፣ ካርቶኑ ላዩ ላይ። ያልታወቁትን ጥቂት ልቃቂቶች ናሲሞ ለማንም አልሸጠችም፤ ሰርካዲስ ለራሷ ወገብ መታጠቂያ ሠራችበት። ቀለሙ እዚህ ሸክላ፣ እዚያ ወይን ጠጅ ነው። ከቤት ውጭ አትለብሰውም። ናሲሞም ከዚያ ቀን ወዲህ ውሃ ሲጠፋ ጀሪካኑን በግማሽ ታስሞላለች፤ እጀታው ውስጥ ዱላ አስገብተው በሁለት ጫፍ ይይዙታል።

በቅርቡ፣ እንደዚያው ጀሪካን ይዘው ከቦቴው ሲመለሱ፣ ሰርካዲስ መንገድ ላይ አስቆመቻት።

«እውነቱን ንገሪኝ» አለቻት። «ሮቶው አይቆጭሽም?»

ናሲሞ ዱላውን ሳትለቅ ትንፋሿን ሰበሰበች።

«ይቆጨኛል፤ አልዋሽሽም። ላንቺ ስል ይቆጨኛል። ግን ሰርካዲስ፣ እኔ እጄን ሸፍኜ አንድ ዓመት ኖሬአለሁ። እንደዚያ ዓመት የረዘመብኝ ዓመት የለም። ከዚያ ወዲህ ከእጄ የወጣው ሁሉ ስሜን ይዞ ነው የወጣው። ከተበላሸ ማንን እንደሚሰድቡ ያውቃሉ፤ ካማረም ያውቃሉ። አንድም ቀን ‹ይሄ የማን ነው?› ሲባል አንገቴን አልደፋሁም። ለእኔ ከሮቶም፣ ከቤትም የሚበልጥብኝ ይሄ ነው። በይ አሁን ያንን ጫፍ ከፍ አድርጊው፤ ውሃው እየፈሰሰ ነው።»